ቀይ ጭቃና የውርንጭላው ጆሮ

ኪ ኪ ኪ! አንበሳ ተደብቆ ጆሮውን ሲታጠብ! ኧረ ቆዩ፣ እሱ ኋላ ይመጣል፤ ዋናው ሳቅ እዚያ ነው። መጀመሪያ የሜዳውን ሥርዓት ስሙ።

በዚያ ሜዳ ሁለት ወገን ነበር። የአያ አንበሳ ወገን ቀይ ጭቃ ይቀባል፣ የአያ ነብር ወገን ነጭ። ድሮ መዥገር ለቃሚዋ ወፍ የማንም ጀርባ ላይ አርፋ ለቅማ ትሄድ ነበር፤ መዥገር እንደሆነ ደም እንጂ ወገን አይጠይቅም። ነብር ሲነግሥ ግን ነጭ ላልተቀባ ወፍ ተከለከለ። አንበሳ ነብርን ሲያባርር ሕጉን ሻረው ብላችሁ ነው? ቀለሙን ብቻ ለወጠ። በወፎቹም ላይ አያ ጅቦን ሾመ። ጅብ ስለ መዥገር ምን ያውቃል? ምንም። በሸንጎ ግን የሱን ያህል የሚያጨበጭብ አልነበረም።

እመት አህያ ከነጭ ወገን ነበረች፤ ሟች ባሏ ነጭ ስለነበረ ብቻ። ውርንጭላዋ ጆሮው ውስጥ መዥገር ገብቶ አበጠ፣ መጥባትም ተወ። ሲጨንቃት አያ ጅቦ ዘንድ ሄደች።

"ምነው እመት አህያ፣ ዛሬ እኛን አስታወስሽ?"

"ልጄ ሊሞትብኝ ነው አያ ጅቦ። ወፏን ላክልኝ።"

"ቀይ ተቀቡ፣ ትመጣለች። ጆሮውን እንዳትረሺ፤ ታማኝነት ከጆሮ ይጀምራል።" ውርንጭላውን ከላይ እስከ ታች አየው። "ሥጋው ግን ገና አልከሳም፣ አይደል?"

ጅብ ስለ ልጇ ሥጋ ሲጠይቅ የማትጠረጥር አህያ የለችም። ግን ምን ታድርግ? ቀባችው። ወፏ መጥታ ጆሮው ላይ አረፈች።

"እትዬ፣ መዥገሩ ከጭቃው ሥር ነው። ጭቃ መፋቅ ደግሞ ክህደት ነው ተብለናል" አለችና በረረች።

ታዲያ ይሄ ጭቃ ማንን ይጠቅማል? መዥገርን። ከመዥገር ቀጥሎስ? የሞተ የሚበላውን። እመት አህያ ይሄን ስታስብ ልጇን ወደ ጎኗ ሳበች።

በሸንጎው ቀን፣ ከሁሉ ወፍራም ጭቃ የተቀባው አያ አንበሳ ራሱን ሳያቋርጥ ይነቀንቃል። "ጌታችን በሐሳባችን ተስማሙ!" እያለ አያ ጅቦ ያጨበጭባል። እመት አህያ ግን ልጇም እንዲሁ ሲነቀንቅ ሰንብቶ አይታለች። "ይሄ እንኳ መስማማት አይደለም፤ ጆሮውን የበላው ነገር አለ" አለች በሆዷ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ ሁሉ በየጥላው ሲያንቀላፋ፣ ልጇን ወንዝ ወስዳ ጆሮውን አጠበችለት። ወፏም ከየት መጣች ሳትባል መልቀም ጀመረች። ወዲያው ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? አያ አንበሳ! ጎፈሩ እንደ ረጠበ ምንጣፍ ተንጠልጥሎ፣ ጆሮው ፏ ብሎ ታጥቦ! አህያና አንበሳ እኩል ደነገጡ። ያልደነገጠችው ወፏ ብቻ ናት።

"ጌታዬ፣ ተራዎን ይጠብቁ" አለችው። ጠበቀ እኮ!

ጠዋት ሸንጎው ሲሰበሰብ አንበሳው እንደገና ቀይ ሆኗል። ውርንጭላው ግን እናቱ መልሳ ልትቀባው ልቧ እምቢ ብሎ፣ ጆሮው ንጹሕ እንደሆነ ጡቷን ሲስብ ተገኘ።

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። "የታጠበ አለ! ከሃዲ ነውና ለኔ ይሰጠኝ!"

እመት አህያ አልጮኸችም። አንበሳውን ትክ ብላ እያየች "አያ ጅቦ፣ ትናንት ወንዝ ዳር ማን ማን እንደታጠበ ላውጋህ?" አለች።

ወፏ ጉሮሮዋን ጠረገች። አያ አንበሳ ቶሎ ብሎ ሽቅብ አየ፤ ወሩ የካቲት ነው፣ በሰማዩ ላይ የደመና ዘር የለም። ከዚያ እንዲህ አለ፦

"ውርንጭላውን ዝናብ ነው ያጠበው፤ ተዉት። የሌሎቻችሁ ጭቃ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይወፍር።"