ጋቢ የለበሰው ምሰሶ

ተረት ተረት! በሉ እንጂ፣ ምን አፋችሁን ትይዛላችሁ? «የቤት መሠረት!» በሉኝ። ጎሽ!

በድሮ ጊዜ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ጎጆዋን ጎርፍ ወስዶባታል። የቀሯት ሦስት ልጆችና ዳልቼ የምትባል አንዲት ላም ብቻ ናቸው። ክረምቱ ደግሞ ደረሰ። ቢጨንቃት በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ «የአያ ጓንጉልን ቤት በላሜ እገዛለሁ» ብላ ቃል ሰጠች። ቤቱን ሳታይ! ትስቃላችሁ? እናንተም ልጆች ይዛችሁ ሰማይ ሲጠቁርባችሁ አያችኋለሁ።

አያ ጓንጉል ጎረቤቷ ነው። አቤት ስስቱ! ምስጥ ሲበላው የኖረ አሮጌ ቤት ነበረው። በእበት ለቀለቀውና «ነይ ግቢ! ቤት እንዳይመስልሽ፣ ቤተ መንግሥት ነው!» አላት።

ትርንጎ ገባች። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«አያ ጓንጉል፣ አሮጌው ሣር መሀል አዲስ ሣር ምን ይሠራል?»

«ለአንቺ ክብር ነው!»

ግድግዳው ላይ ትልቅ ቁርበት ተሰቅሏል።

«ይህስ ቁርበት?»

«ጌጥ ነዋ!»

ይህን ሲል አንዲት ዶሮ ከውጭ በቁርበቱ ሥር ብቅ አለች። ቋቋቋ እያለች በመሀላቸው አልፋ በበሩ ወጣች።

«አቋራጭ ትወዳለች» አለ አያ ጓንጉል።

ምሰሶው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጋቢ ተጠምጥሞበታል።

«ምሰሶው ምነው ጋቢ ለበሰ?»

«ብርድ እንዳይመታው!»

ትርንጎ ሳቋን ዋጠችው። ወዲያው ግን ልጆቿ እዚያ ጣሪያ ሥር ተኝተው ታዩዋት። ብትገዛ ቤቱ ይደረመስባቸዋል። እምቢ ብትል ቃል አጠፈች ልትባል ነው። አሰበች፣ አሰበችና ዳልቼን እየጎተተች ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች።

«ቃሌ ቃል ነው፣ ላሚቱ ይቻትና» አለች። «ግን በአባቴ አገር ቤት የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ከውስጥ ሆኖ ሦስት ዘፈን ይጨፍራል። ለገዢው በረከት ነው።»

«መልካም ልማድ!» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ይርዳው። «ጓንጉል፣ በል ግባ!»

ሰዉ ከደጅ ሆኖ አጨበጨበ። በመጀመሪያው ዘፈን አያ ጓንጉል ትከሻውን ብቻ ነቅነቅ አደረገ።

«እግርም አለህ እኮ!» አሉት።

በሁለተኛው ዘፈን በእግሩ ጣት ጫፍ ሄደ። እንቁላል ላይ የሚራመድ ነው የሚመስለው። ያም ሆኖ ከጣሪያው አቧራ ቦነነ።

«ዝለል እንጂ፣ ያላለቀ ጭፈራ ላም አያስገኝም!» አሉ አባ ይርዳው።

ሦስተኛው ዘፈን ተጀመረ። አያ ጓንጉል ጣሪያውን አየ፣ ዳልቼን አየ። ስስት አሸነፈው። ምሰሶውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

«ምነው አያ ጓንጉል፣ ምሰሶውን አቀፍከው?» አለች ትርንጎ።

«እወደዋለሁ!» ብሎ ዘለለ።

ጓ! ምሰሶው ጋቢው ውስጥ ዱቄት ሆነ። አያ ጓንጉል በሩን መች አገኘው? ዶሮዋ በገባችበት ቀዳዳ ግድግዳውን በርቅሶ ወጣ! ቤቱም ከኋላው ዝርግፍ አለ። እሱ ባዶውን ጋቢ እንዳቀፈ፣ አፉን እበት ሞልቶት ደጅ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዳልቼ እንኳ እምቧ አለች።

አባ ይርዳው ግን አልሳቁም። «እነዚህን ሕፃናት ልትቀብርባት ነበር» አሉት። «ላሚቱ ለባለቤቷ ትመለስ። አንተም ቦታውን ለትርንጎ ልቀቅ።»

ሰዉ ደቦ ወጣ፤ ዝናቡ ሳይጥል ቤት ቆመላት። ምሰሶው የወይራ ነበር። ልጆቹም የዳልቼን ወተት ጠጥተው በደረቅ ቤት ተኙ።

ለምርቃቱ አያ ጓንጉልም ተጠራ። «በል ጨፍር!» አሉት። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ ምሰሶው ሄደ፣ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠው። ከዚያ በኋላ ነው የጨፈረው።

ለዚህ ነው አባቶች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት።

ተረቴን መልሱ፣ ምሰሶውን ዳብሱ!