ወደ መድረኩ የዞረው ካሜራ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ልንገራችሁ፤ የዛሬው ተረት የበረት አይደለም፣ የመንገድ ነው። ደግሞም ተናድጄ ነው የማወራው። መሳቅ የሚፈልግ ካለ ውጭ ወጥቶ ይሳቅ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ከንቲባ በነበራቸው ዘመን፣ ብረትና ሽቦ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ ዝግባ በር የምትባል ከተማ ነበረች። በከተማዋ መሀል አንድ መስቀለኛ መንገድ ነበር። ወደ ወንዝ የሚወርድ በዚያ ያልፋል፤ ወደ ገበያ የሚወጣም በዚያ ያልፋል። ከመንገዱ ዳር አንድ ምሰሶ ቆሟል፣ ከምሰሶው ጫፍ ላይ አንድ ካሜራ ተሰቅሏል። የካሜራው ሥራ መንገዱን ማየት ነው። ያየውን አይረሳም፤ ለጠየቀውም ሁሉ ያሳያል።

ታዲያ ይህ ካሜራ ታመመ። አቧራ ገባበት፣ ሸረሪት አደራበት፣ ዝናብ ወረደበት፣ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ይህን ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው ማን ይመስላችኋል? አያ ጅቦ ነዋ! ሌባ የአጥሩን ቀዳዳ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል።

በዚያች ከተማ እመት ፍየል የምትባል እናት ትኖር ነበር። ሦስት ግልገሎች ነበሯት፤ ወተቴ፣ ቡላ እና ዳማ። ወተቴ ጥቁር ሆና በጎኗ ላይ ወተት የተደፋባት የሚመስል ነጭ ነበራት፤ ስሟም ከዚያ መጣ። አንድ ቀን ወተቴ ውሃ ልትጠጣ ወረደች፤ ወረደችና ቀረች።

እመት ፍየል እየጮኸች ወደ ምሰሶው ሮጠች።

«አንተ ካሜራ! ልጄን ማን ወሰዳት?»

«ምን ልበልሽ እመት ፍየል» አለ ካሜራው። «ጥላ አይቻለሁ፤ ጥላው የማን እንደሆነ ግን አልለየሁም። ዓይኔ ታሟል። ዓይኔን አሳክሙልኝ!»

እመት ፍየል ወደ ከንቲባው ሄደች። ከንቲባው አያ በሬ ነበር። ደጅ ጠንታ፣ ደጅ ጠንታ ገባች።

«ክቡር ከንቲባ፣ የመንገዱ ዓይን ታውሯል። አንዷ ልጄ ጠፋች፣ ሁለት ይቀሩኛል። በፈጠረዎት ይዤዎታለሁ፣ ካሜራውን ያስጠግኑልኝ።»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ!» አለ አያ በሬ እያመሰኳ። «ጉዳዩ ተይዟል።»

የከተማዋ የጥገና ኃላፊ ጦጢት ነበረች። በማግስቱ ባልዲና ብሩሽ ይዛ መጣች። መጣችና ምን አደረገች? ምሰሶውን ከሥሩ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም ቀባችው!

«ኧረ ዓይኔን!» አለ ካሜራው።

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ የታመመው እሱ ነው!» አለ ምሰሶው።

«ዝም በሉ!» አለች ጦጢት። «ክቡርነታቸው ሲያልፉ የሚያዩት ይህን ይህን ነው። ቀና ብለው አይተው አያውቁም።»

ምሰሶው አማረበት። ካሜራው እንደታወረ ቀረ። ሳምንት ሳይቆይ ቡላ ወደ ወንዝ ወረደ፤ ወረደና ቀረ።

እመት ፍየል ሁለተኛ ሄደች። ደረቷን እየደቃች ሄደች።

«ክቡር ከንቲባ፣ ሁለት ልጅ ጠፋብኝ! ካሜራው አያይም ብዬ ነግሬዎት ነበር!»

«አይዞሽ! ጉዳዩ ተይዟል» አለ አያ በሬ። «ትልቅ ነገር እናደርጋለን።»

እውነትም ትልቅ ነገር አደረጉ። ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አምጥተው ከከንቲባው ቢሮ ሰቀሉ። አያ በሬ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «እስቲ ክፈቱት» አለ። ሲከፈት ጉም ነው። ዓይኑ ታሟላ! ስክሪን ምን ያድርግ? ራሱ ስክሪኑ አፍሮ «ክቡር ከንቲባ፣ ድሮ በትንሹ ነበር የማይታየው፤ አሁን በትልቁ አይታይም» አለ። እነሱ ግን አጨበጨቡ። አዎ፣ አጨበጨቡ! ጉም እያዩ የሚያጨበጭቡ ሰዎች ምን ይባላሉ? እኔ ስም አጥቼላቸዋለሁ።

እመት ፍየል ሦስተኛ ሄደች። አሁን ግን ዳማን ከጎኗ አድርጋ ሄደች። ከከንቲባው በር ላይ ተኛች።

«ከዚህ አልነሳም። ይህቺ አንዷ ናት የቀረችኝ። ከፈለጋችሁ ረግጣችሁኝ እለፉ።»

ረግጠው ሊያልፉ አስበው ነበር መሰለኝ። ግን በሩ ላይ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ አህያው መጣ፣ በጎቹ መጡ፣ ዶሮዎቹ መጡ። አያ በሬ ጩኸቱ ሲበዛበት «በቃ! ሁሉም ይሻሻላል፣ ሁሉም አዲስ ይሆናል!» አለ። መቼም እውነቱን መናገር ነውና አዲስ ካሜራ መጣ። ከሩቅ የጉንዳን እግር የሚለይ ዓይን ነበረው። ጦጢት አሮጌውን አውርዳ እሱን ሰቀለችው። አዲሱ ካሜራ መንገዱን አየ፣ ወንዙን አየ፣ ጥሻውን አየ። «አያለሁ! ሁሉን አያለሁ!» አለ። እመት ፍየል ምሰሶውን አቅፋ አለቀሰች፤ የደስታ ለቅሶ ነው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት? አላለቀም። ገና መመረቅ አለበታ! በእኛ አገር ያልተመረቀ ነገር መቼ ይሠራል?

ምረቃው ደረሰ። ከመንገዱ ማዶ ድንኳን ተጣለ፣ መድረክ ተሠራ፣ ሪባን ተወጠረ። የክብር እንግዳውስ ማን ሆነ? አያ ጅቦ! «ለከተማው ልማት የተቆረቆረ ባለሀብት» ተብሎ ተጠራ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ያ እንኳ የድሮው ጅብ ነው፣ ትንሽ ይሉኝታ ነበረው። ይሄኛው በሚያውቁት አገር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ራሱ ቁርበት ጠቅልሎ ይዞ መጣ! «ለክቡር ከንቲባችን መቀመጫ ያመጣሁት ስጦታ ነው» ብሎ መድረኩ ላይ በእጁ አነጠፈው። አያ በሬም ዘፍ ብሎ ተቀመጠበት። ይህ ቁርበት ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አንድ እንስሳ አልነበረም። ስጦታ ነዋ፣ ማን ይጠይቃል?

እመት ፍየልስ የት ነበረች? ከድንኳኑ ጀርባ። «ቦታ ሞልቷል፣ ከኋላ ሁኚ» ብለዋት ነበር። የእንግዶችን ጀርባ እያየች ቆመች።

አያ በሬ ንግግር ጀመረ። «ከእንግዲህ በዚህች ከተማ መርፌ አይጠፋም!» ካለ በኋላ ዞር ብሎ ጦጢትን በሹክሹክታ ጠየቃት።

«እኔስ በስክሪኑ ላይ እየታየሁ ነው?»

«አይ ክቡርነትዎ፣ ካሜራው የሚያየው መንገዱን ነው።»

«መንገዱን መንገደኛ ይየው! ወደ እኔ አዙሪው!» አለና በቀንዱ አመለከተ።

ጦጢት ምሰሶው ላይ ወጣች። የካሜራውን አንገት ጠመዘዘችና ብሎኑን አጠበቀችው።

«ኧረ መንገዱ ከኋላዬ ቀረ!» አለ ካሜራው። እልልታው በዝቶ ነበርና የሰማው የለም።

አያ በሬም ለካሜራው ሲል ሁሉን ከመጀመሪያው አስደገመ፤ አያ ጅቦ ቁርበቱን ጠቅልሎ እንደገና ፈታው፣ አነጠፈው፣ አያ በሬም ዘፍ ብሎ ንግግሩን ደገመ። ሪባኑ ተቆረጠ። ተበላ፣ ተጠጣ። አያ በሬ ቁርበቱን ወደ ቤቱ አስወሰደ፣ እንግዳው ሄደ፣ ድንኳኑ ተነቀለ። የካሜራው አንገት ግን እንደተጠመዘዘ ቀረ። በማግስቱ እመት ፍየል አየችና ጮኸች።

«አንቺ ጦጢት! መልሺው እንጂ!»

«ክቡርነታቸው በቀንዳቸው አመልክተው ያዞሩትን እኔ ማን ነኝና የምመልሰው?»

«ታዲያ አሁን ምንድን ነው የሚያየው?»

«መድረኩን።»

«መድረኩ ላይ ማን አለ?»

«ማንም።»

ስሙ እንግዲህ! የጉንዳን እግር የሚለይ ዓይን ባዶ ጣውላ ላይ አፍጥጦ ይውላል። ልጆች የሚያልፉበት መንገድ ከጀርባው ነው። እኔ ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ እናንተ ደግሞ እዚያ ጋ ጥርሳችሁን ታሳዩኛላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳማ ወደ ወንዝ ወረደች። ወረደችና ቀረች።

አሁን እመት ፍየል ወደ ከንቲባው አልሄደችም። ወደ አያ ኤሊ ሄደች፤ አያ ኤሊ የአገሩ ሽማግሌ ነበር።

«አያ ኤሊ፣ አውጫጭኝ ይጠራልኝ።»

አውጫጭኝ የአገሩ የቆየ ልማድ ነው። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ነዋሪ ሁሉ ዋርካ ሥር ይቀመጣል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል። ሌባው ሳይታወቅ ማንም ከቦታው አይነሳም፣ ማንም እህል አይቀምስም። ሹምም ቢሆን አይነሳም። አያ ኤሊ አስለፈፈ፤ ከምሰሶው አጠገብ ወዳለው ዋርካ ሁሉም መጣ። አያ ጅቦም መጣ፤ ባይመጣ ይጠረጠራላ! ከፊት ተቀመጠ።

«ምን አየህ?» አለ አያ ኤሊ አህያውን።

«ጭነት ላይ ነበርኩ፣ አላየሁም።»

«ምን አየህ?» አለ ምሰሶውን።

«እኔ ዓይን የለኝም» አለ ምሰሶው። «ግን ዛሬ ጠዋት አንድ ፀጉራም ነገር ታክኮኝ አለፈ። በአፉ የያዘው ነገር ይንፈራገጥ ነበር።»

«ፀጉራም ስንቱ ነው!» ብሎ አያ ጅቦ ዘሎ ተነሳ። «ይልቅ ፀሐዩ ከረረ፣ ስብሰባው ይበተን።»

«ተቀመጥ» አለ አያ ኤሊ።

ጥቂት ቆይቶ የአያ ጅቦ ሆድ ጮኸ። «ሐዘንተኛዋን አናድክማት እንጂ ወገኖቼ! ስብሰባው ይበተን» አለ።

«እኔ አልደከመኝም» አለች እመት ፍየል።

«አንተስ ካሜራ፣ ምን አየህ?» አለ አያ ኤሊ።

ካሜራው አንገቱ እንደተጠመዘዘ አለቀሰ። «እኔ ሌባውን አላየሁም። አንገቴ ከዞረ ወዲህ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምረቃውን።»

ይህን ሲሰማ አያ በሬ ጆሮው ቆመ። «ምረቃውን? ንግግሬን ሁሉ? በሉ ስክሪኑን አምጡት! ሕዝቡ ይየው!»

«ምረቃ ለምን ይታያል?» አለ አያ ጅቦ። «ያለቀ ነገር ነው። ስብሰባው ይበተን!»

«ዝም በል አንተ!» አለ አያ በሬ። «ንግግሬ ሊመጣ ነው።»

ስክሪኑ ዋርካው ሥር ቆመ። ድንኳኑ ታየ፣ መድረኩ ታየ። አያ ጅቦ የተጠቀለለውን ቁርበት ሲፈታ ታየ፤ እያቀና፣ እየዳበሰ ሲያነጥፈው ታየ። ቁርበቱ ጥቁር ነው። በጎኑ ላይ ወተት የተደፋበት የሚመስል ነጭ አለበት።

«ወተቴ!» አለች እመት ፍየል። «ወተቴ! ልጄ!»

ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ወደ አያ ጅቦ ዞረ። በስክሪኑ ላይ ግን አያ በሬ ወተቴ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጦ «መርፌ አይጠፋም!» እያለ ይናገር ነበር።

«ከ... ከገበያ ገዝቼው ነው» አለ አያ ጅቦ።

«ሻጩን ጥራ» አለ አያ ኤሊ።

መጥራት የት አባቱ! ጅቦ ብድግ ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ውሾቹ ተከተሉት፣ አህያው ተከተለ፣ በግ ሳይቀር ተከተለ። ጅቦ ዋሻውን አልፎ ገደሉን ዘልሎ አገር ጥሎ ጠፋ። ከዋሻው ሲገቡ ቡላ የለም፤ አጥንቱ አለ። ዳማ ግን ነበረች! አንድ ጆሮዋ ተዘንጥሏል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ግን ነፍሷ አለች። ለምሳው አስቀምጧት አውጫጭኙ ያዘው። ስብሰባው አንዴ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ ዳማም አጥንት ነበረች።

እመት ፍየል ልጇን ላሰች፣ ላሰች። ከዚያ አያ በሬን ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ» ማለት ያን ቀን ቀረ።

«አንተ! ዓይንህ ባያይ ቂጥህ አልነገረህም? ልጄ ላይ ነው የተቀመጥከው!»

«እኔ በምን አውቄ?» አለ አያ በሬ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዋናው ነገር ካሜራችን ሌባ ማጋለጡ ነው! ይኸው ሠራ! ይህ ድል ነው፣ ይመረቃል!»

እመት ፍየል ጀርባዋን ሰጠችው። ፍየል ለመውጣት መሰላል አትፈልግም። ዋርካው ላይ ወጣች፣ ከዋርካው ወደ ምሰሶው ጫፍ ተወረወረች። ቀንዷን ከካሜራው አንገት ሥር አስገብታ ገፋች። ብሎኑ ጮኸ። ደግማ ገፋች፤ ላላ። ሦስተኛ ስትገፋ ዓይኑ ዞሮ መንገዱ ላይ አረፈ።

«አሁን አየሁ» አለ ካሜራው። «መንገዱን አየሁ።»

«ማን ፈቀደልሽ!» ብሎ አያ በሬ ጮኸ። «ለምረቃው ስለሚያስፈልግ መልሰሽ አዙሪው! ጦጢት፣ መድረኩ ይጠረግ! ያ ቁርበት ይጣል፣ ሌላ ቁርበት ይነጠፍልኝ!»

እመት ፍየል ከምሰሶው ጫፍ ሆና ቁልቁል አየችው።

«የማንን?» አለች።

አያ በሬ ያልሰማ መስሎ «ሌላ ቁርበት!» አለ።

«የማንን?» አሉ በጎቹ። ልጆቻቸውን ወደ ሆዳቸው ሸሸጉ።

«ሌላ ቁርበት ነው እኮ ያልኩት!»

«የማንን?» አለች ጦጢት። አዎ፣ ጦጢት ራሷ! እሷም ለካ ልጅ ጀርባዋ ላይ አዝላለች።

አያ በሬ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ከንቲባ ሆኖ ሰው የጠየቀውን መመለስ ለምዶ አያውቅምና አፉን ከፍቶ ቆመ። እንደቆመ ጥለውት ሄዱ።

ተረቴ ይኸው ነው። ተረቱ አለቀ እንጂ ንዴቴ አላለቀም፤ ዳቦውን ለልጆቹ ስጧቸው። ለእናንተ ለትልልቆቹ ግን ይህን እተውላችኋለሁ፤

ዓይን ወደ ሹም ከዞረ፣ ልጅ ለጅብ ቀረ።