የዛፍ ቆራጩ መሸሻ

አንድ ዛፍ ቆራጭ ነበረ። ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም፤ ሰምቻለሁ። «ሲስተር የሺመቤት እጄን ይዛ አዋላጅነት አስተማረችኝ፤ አሁን ሞታለች፤ በምን ላስባት? ፎቶዋን በትልቁ አሠርቼ ልስቀል ወይስ በስሟ ልደግስ?» ነው ያልሽኝ። አዋላጅ ከዛፍ ጋር ምን አገናኛት ትይ ይሆናል። ቁጭ በይና ስሚኝ።

ሰውየው የሚቆርጠው ባሕር ዛፍ ነው፤ ያውም ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈውን። በወጣትነቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሲቆርጡ ዛፉ ባላሰቡት በኩል መጣባቸው። ወንድምየው ሊሸሽ ሲል ቁጥቋጦ እግሩን ያዘውና ወደቀ፤ እዚያው ቀረ። ቆራጩ ከዚያ ወዲህ ሥራውን አልተወም፤ ሌላ የሚያውቀው ሥራም አልነበረውም። ግን አንድ ነገር ማድረግ ጀመረ። መጀመሪያ መጥረቢያውን መሬት ላይ ያስቀምጣል። ዛፉን ዞሮ ያየዋል፤ ወዴት እንዳዘነበለ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ የት እንደተንጠለጠለ። ከዚያ ከግንዱ ጀርባ፣ ወደ ጎን ገባ ብሎ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ይመነጥራል፤ ድንጋዩንም ይለቅማል። ሲጨርስ ፊቱን ወደ ዛፉ እንዳደረገ በጠረገው መሸሻ የኋሊት ይሄዳል፤ ይመለስና ደግሞ ይሄዳል። ለሚያስተምራቸው ሰዎች «ዛፉ ሲመጣ ዓይናችሁ ከላይ ነው የሚሆነው፤ መንገዱን እግራችሁ አስቀድሞ ይወቀው» ይላቸው ነበር።

መንገደኛ ሁሉ ይስቅበታል። ትልቅ ሰው፣ ያውም በሥራው አገር የመሰከረለት፣ ዛፍ ሥር የኋሊት ሲመላለስ! እሱ ግድም አልነበረው። «እስከ ዛሬ የኖርኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ስለምፈራ ነው» ይላል። ይህን በሰው ፊት አፉን ሞልቶ የሚናገር ወንድ እኔ ብዙ አላየሁም፤ ሰውየውን የምወደውም ለዚህ ነው። አርባ ዓመት አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንድም ሰው ሥራ ላይ አልሞተም፣ አንድም ሰው አካሉን አላጣም። እሱም አርጅቶ አልጋው ላይ ሞተ። ዛፍ ቆራጭ አልጋው ላይ ሲሞት በዚያ አገር የመጀመሪያው ነው ተባለ።

ተማሪዎቹ አለቀሱለት። ከዚያም ልክ እንዳንቺ፣ በምን እናስበው አሉ። አንጋፋው የመምህሩን መጥረቢያ ወረሰ። የሁሉም መሐላ «የጋሼን አጥንት!» ሆነ። መቃብሩን የሚያሠሩበት ጥሩ ጥሩ ድንጋይ ከወንዝ አስጭነው አመጡና መምህሩ ጓሮ ውስጥ አራገፉት። ለአርባው ለሚመጣው ሰው መቀመጫ እንዲሆን ደግሞ እዚያው ጓሮ ያለውን አሮጌ ባሕር ዛፍ ጥለው ሊሰነጥቁት ተስማሙ።

በዋዜማው ጠዋት መጡ። ድንጋዩ የተከመረው ከዛፉ ጀርባ፣ መሸሻው መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ነበር። አንጋፋው አየት አደረገውና «ይህን ስናነሣ ሊመሽብን ነው። ደግሞ ለጋሼ ክብር የምንሠራው ሥራ ነው፤ እሱ ራሱ ይጠብቀናል» አለ። ሌሎቹም «እውነት ነው» አሉ።

ከመካከላቸው ፀጉሩ የሸበተ፣ ዘገምተኛ እያሉ የሚቀልዱበት አንድ ሰው ነበረ። እሱ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሄዶ አንድ ድንጋይ አነሣና ወደ አጥሩ ወሰደው። ተመልሶ ሌላ አነሣ።

«ምን መሆንህ ነው? የጋሼን መቃብር ድንጋይ ትበትናለህ?» ብሎ አንጋፋው ጮኸበት።

«መቃብሩ ላይ ሲውል ያኔ አከብረዋለሁ። አሁን መንገድ የዘጋ ድንጋይ ነው» አለ ሰውየው። «ይህን ሳልጨርስ ግንዱን የሚነካ ሰው አይኖርም። ከፈለጋችሁ ምቱኝ።»

በመምህራቸው ጓሮ ጠብ ለመፍጠር አፈሩ። አኩርፈው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ አንድም ሰው አላገዘውም። ቀኑን ያጋመሰው ብቻውን ድንጋይ ሲሸከም ነው። ሲጨርስ የኋሊት ሁለት ጊዜ ሄደ። ከዚያም ወደ አንጋፋው ዞሮ «አሁን አንተ» አለው።

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ጋሼ በስንት ዓመቱ ነበር የሚሄደው?»

አንጋፋው ነገሩ እንዲያልቅለት ብቻ እያጉረመረመ የኋሊት ሄደ፤ የቀሩት ሳቁበት። ከዚያ ሥራ ተጀመረ። በመውደቂያው በኩል ግንዱን ቆርጠው አፍ ከፈቱለት፤ አንጋፋውም የመምህሩን መጥረቢያ ይዞ ከጀርባው ይመታ ጀመር። ዛፉ ግን ውስጡ በስብሶ ባዶ ሆኖ ኖሯል። ከግማሽ ሳይደርስ ተሰነጠቀና ዞሮ ወደ አንጋፋው መጣ። እሱም መጥረቢያውን ጥሎ፣ ዓይኑን ከላይ እንደ ሰቀለ፣ የኋሊት ሸሸ። እግሩ ምንም አላገኘም፤ ባዶ መሬት ብቻ። ግንዱ እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ወደቀ፤ የጋሼ መጥረቢያ እጀታ ከግንዱ ሥር ደቀቀ።

አቧራው ሲያርፍ አንጋፋው ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። «መጥረቢያውን እኔ ወረስኩ፤ ጋሼን ግን አንተ ነህ የወረስከው» አለው ያንን ሽበታም ሰው። ያ ሰው ግን እጁ ቆሳስሎ ስለነበር ውኃ ፍለጋ ሄደ።

ልጄ፣ ነገሩ ይህ ነው። የሲስተር የሺመቤት ፎቶና ድግስ ያ ድንጋይ ነው፤ ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ከፍቶ አይደለም። ግን እሷ ምጥ የያዛት ሴት እየጮኸች፣ ባልየው በሩን እየደበደበ፣ እጇን እስከ ክርኗ ሳትታጠብ አንዲትን እናት ነክታ አታውቅም። አንቺው ነሽ ያወራሽኝ። ትናንት ግን ሰው በዛብሽ፣ ተጣደፍሽ። «የእጅ ውኃው ይቆይ» ያልሽው ልትወልድ ለመጣችው ለእህቴ ልጅ ነው፤ እሷው ነገረችኝ። እግዜር ረድቶ እሷም ሕፃኑም ደህና ናቸው። ልቆጣሽ አልጠራሁሽም፤ አንገትሽን ቀና አድርጊ።

ፎቶውንም አሠሪው። ስትሰቅዪው ግን እንግዳ መቀበያው ላይ አይደለም፤ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ይሁን።