ውሃው ሲደፈርስ

የተነገረኝን ቃል በቃል ላላስታውሰው እችላለሁ፤ አንዳንዱን ከራሴ ቀላቅዬም ይሆናል። ጨረቃ ላይ ስለተቆረቆረ ከተማ የጻፍኩትን ታሪክ እንዲያነቡልኝ መጻፍ ላስተማሩኝ ለጋሽ መንበሩ ሰጥቼ ነበር። «የፈጠርኩትን ዓለም ለአንባቢ ምን ያህል ላስረዳ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

አንድ አሻጋሪ ነበረ። ክረምት ሲገባ መንገደኛን እየመራ ወንዝ ያሻግር ነበር። አንድ ቀን አንድ ገበሬ የታመሙ እናቱን አዝሎ መጣ፤ ጤና ጣቢያው ማዶ ነው። አሻጋሪው ወንዙን ይወደው ነበርና ማስረዳት ጀመረ። ከየት እንደሚነሳ፣ ገባሮቹን፣ የየቋጥኙን ስም፣ ስሙን ያወጣውን ሰው ሳይቀር። ገበሬው እናቱን ወደ ላይ ከፍ ከፍ ያደርግ ጀመር።

አሮጊቷ ከልጃቸው ጀርባ ላይ ሆነው አሻጋሪውን፣ «ልጄ፣ አሻግረኝ አልኩህ እንጂ ለወንዙ ዳረኝ አልኩህ?» አሉት።

ገቡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መሀል ሲደርሱ ውሃው ደፈረሰ። አሻጋሪው ሮጠ። ገበሬው ግን ቆሞ እናቱን ያመቻቻል፤ የውሃው መልክ መለወጥ ለእሱ ምኑም አልነበረም። አሻጋሪው ዞር ቢል ከኋላው ማንም የለም። ተመልሶ በክንዱ ጎተተው። ዳር እንደወጡ ደራሽ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ገበሬው ቆሞበት የነበረውን ቦታ ዋጠው።

ገበሬው ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ያን ሁሉ ስትነግረኝ፣ ‹ከደፈረሰ ሩጥ› የምትለዋን ምነው ተውካት?» አለ።

«ላይ አገር ዘነበ ማለት እኮ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አለ ብዬ መች አሰብኩ?» አለ አሻጋሪው።

ጋሽ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሻጋሪው አንተ ነህ፤ ሸክም ይዞ የመጣው አንባቢህ። ወንዙን አንተ ሙሉውን እወቀው። ለእሱ የምትነግረው ግን እግሩ የሚፈልገውን ነው፤ እሱንም እግሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት። የጨረቃ ከተማህ አየር ከየት እንደሚመጣ አራት ገጽ ጽፈህልኛል። ታሪክህ ውስጥ ያለችው ልጅ በሩ ሲዘጋ ለምን እንደምትጮህ ግን አልገባኝም።»

«ጽፌዋለሁ እኮ፣ ጋሽዬ» አልኩ።

«እንግዲያው አርጅቻለሁ። እስቲ እየው።»

ቤት ገብቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። በሩ ከምን ብረት እንደተሠራ ጽፌያለሁ። አንዴ ከተዘጋ ከውስጥ እንደማይከፈት ግን የትም የለም።