ጀርሙና የተጣጠፈችው ቅንጣት

ተረት ልንገራችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። በአንድ በሬ ቁስል ውስጥ ጀርሞች ይኖሩ ነበር። እያንዳንዱ «አለሁ» እያለ ይጣራል፤ ድምፁ ሲበዛ አንድ ላይ ተነስተው በሬውን ይወሩታል። አዳምጦ «ተነሱ» የሚላቸው አንድ ጥንቁቅ ጀርም ነበር።

አንድ ቀን ቁስሉ ላይ ከተቀባው መድኃኒት ጋር የመጣች የተጣጠፈች ቅንጣት አጠገቡ አየ።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ጥላ ውስጥ ምንም። ብርሃን ሲነካኝ ግን እዘረጋለሁ።»

«ተዘርግተሽስ ምን ልታመጪ?» ብሎ ሳቀባት።

በማግስቱ በሬው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተኛ። ቅንጣቷ ተዘረጋችና የጀርሙን ጆሮ ደፈነች። ጀርሙ «አለሁ» ብሎ ተጣራ። ሺህ ወንድሞቹ ዙሪያውን ቢመልሱለትም አንዱንም አልሰማም። «አልቀው ነው» ብሎ ብቻውን መነሳት ፈራ። እነሱም ትእዛዙን ሲጠብቁ የበሬው ደም አንድ በአንድ ለቀማቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሬው በረት ገባ፤ ቅንጣቷ ተጣጠፈች፣ የጀርሙም ጆሮ ተከፈተ።

«አለሁ» አለ በተስፋ።

«አለን» አሉት ሁለት ድምፆች ከሩቅ።

ጀርሙ ጥቂት አሰበና፣ «በሉ ዝም እንበል፤ በሬው እንዳይሰማን» አላቸው።

እኔ ነግሬ ጨረስኩ፤ ተራው የእናንተ ነው።