በሳክስፎኑ አፍ የተወተፈው ጨርቅ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስሙ ጥላዬ ይባላል። ቀን ቀን የሰው ሱሪ ያሳጥራል፣ ከሥራ ሲወጣ ሳክስፎን ይነፋል። በሚኖርባት ትንሽ ከተማ እንደሱ የሙዚቃ ፍቅር የያዛቸውን አራት ሰዎች ፈልጎ አገኘና ባንድ አቋቋሙ። መካኒኩ ድራም ይመታል። ፀጉር አስተካካዩ ቤዝ ጊታር ይዟል። የሒሳብ መምህሩ ኪቦርድ ላይ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መንበረ ደግሞ ትዘፍናለች። ከሙዚቃው እንጀራ የሚበላ አንድም የለም። እንዲያውም ለእንጀራ የሚሆነውን ጊዜ የሚበላው ሙዚቃው ነበር፤ ካላመናችሁ ቤተሰቦቻቸውን ጠይቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በጥላዬ ግቢ ይለማመዳሉ። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ጋሽ ሽፈራው የሚባሉ ጡረተኛ አናጢ ይኖሩ ነበር። ልምምዱ ሊጀመር ሲል ወንበራቸውን ይዘው ወጥተው አጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። ሲያበቃም ድምፃቸው ከማዶ ይመጣል።

«አንተ ጥላዬ! ዛሬስ በምን ተጣላችሁ?»

«ኧረ አልተጣላንም ጋሼ፣ ሙዚቃ ነው።»

«እንዴ! እኔ የሰማሁት አምስት ሰው ሲጨቃጨቅ ነው። አንዱም አንዱን አያስጨርስም እኮ!»

ጥላዬ በንዴት ይጨሳል። «ካልጣማቸው ቤታቸው አይገቡም? ማን ስሙን አላቸው?» ይላል። መንበረ ትስቅና፣ «ቢሆንም ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም» ትለዋለች። እሱ ግን ይህን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል።

መድረክ ላይ መውጣት መቼም እንደ ዕድል ነው። አንድ ጊዜ በትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ላይ ተጫወቱ። መሀል ላይ ዝናብ ጣለ፤ ግን ማን ይንቀሳቀስ! ሕዝቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አጨበጨበ፣ ተማሪዎቹ መካኒኩን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ሜዳውን አዞሩት። ጥላዬ በማግስቱ ልቡ ከዚያው ሜዳ ስላልተመለሰ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ እግሩን ደፍኖ ሰፋው። ሰውየው እግሩን ቢያስገባ፣ ቢያስገባ መውጫ የለም! ጥላዬ ግን ይቅርታ እየጠየቀም ይስቅ ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በአንድ ሆቴል ምረቃ ላይ እንዲጫወቱ ተጠሩ። ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ፀጉር አስተካካዩ የራሱ ጊታር አልሰማ አለውና ድምፁን ከፍ አደረገ። መምህሩ ይህን አይቶ ኪቦርዱን ጨመረ። መካኒኩ የሚጨምረው ቁልፍ ስለሌለው ባለ በሌለ ጉልበቱ ይደበድብ ጀመር። ጥላዬ ሳክስፎኑን አፍ ለአፍ ከማይክራፎኑ ጋር አጋጠመው። መንበረ ምስኪን የአንገቷ ሥር እስኪገታተር ጮኸች። እያንዳንዱ «ሰዉ እኔን አልሰማኝም» ብሎ ነው እንግዲህ። ፊት የተቀመጡት ወደ ኋላ ሸሹ፣ ኋላ የነበሩት ወደ ቤታቸው ሄዱ። በመጨረሻ ባለ ሆቴሉ ጆሮውን ይዞ መጣና «ወንድሞቼ፣ ኳስ ሊጀምር ነው፤ ቴሌቪዥኑን ልክፈትበት» አላቸው። ዕቃቸውን ሰብስበው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

በዚያ ሆቴል ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ የታወቀ ነጋዴ ነበር። የዚህ ነጋዴ ልጅ የጥላዬን አንድያ ልጅ ወይንሸትን አጭቷል። በሳምንቱ ነጋዴው ልብስ ስፌቱ ቤት ድረስ መጣ።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ልንዛመድ ነውና ግልጹን ልንገርህ። ለሰርጉ ዲጄ ይምጣ። የእኔ እንግዶች ከሩቅ ነው የሚመጡት፤ ጆሯቸውን ይዘው ቢመለሱ ደስ ይለኛል።»

ጥላዬ የያዘውን ሱሪ አስቀመጠ። የመለሰችው ከውስጥ ሆና ትሰማ የነበረችው ወይንሸት ናት። «እናቴ ከሞተች ጀምሮ ይህ ቤት የሞቀው በሱ ሳክስፎን ነው። አባቴ ካልነፋ እኔም አልሞሸርም!» አለች፤ ቁርጥ አድርጋ።

ይህን ጊዜ ጥላዬን ፍርሃት ገባው። እስከዛሬ ቢያበላሽ የሚዋረደው ራሱ ነበር፤ አሁን ግን ልጁ ናት። «የዚያ ጩኸታም ልጅ» ተብላ ባሏ ቤት ስትገባ ታየው። ጓደኞቹን ሰብስቦ ነገራቸው። መካኒኩ «በወይንሸት ሰርግ ካበላሸን ዕቃችንን ሰቅለን እንቀመጥ፤ ይበቃናል» አለ። ሁሉም ተስማሙ።

ሰው ግን አንዱን ሲፈራ ሌላው ይመጣበታል። ሰርጉ ሲቃረብ ጋሽ ሽፈራው ድንገት አረፉ።

የሰፈሩ ዕድር ድንኳን አንድ ነው፤ ለቅሶም ሆነ ሰርግ የሚውለው እሱ ነው። ድንኳኑ በጋሽ ሽፈራው ግቢ ተተከለ። ጥላዬ ራሱ ምሰሶ ይዞ፣ ካስማ መትቶ፣ ከለቀስተኛው ጋር አብሮ ተቀመጠ። የለቅሶው ቀናት ሲያበቁ ያው ድንኳን ወደሱ ግቢ መሻገር ነበረበት። ዕድርተኞቹ ዞረው ከሚደክሙ ብለው ከአጥሩ ላይ ቆርቆሮ ነቅለው በክፍተቱ አሳለፉት። ሰዎች ትናንት ያለቀሱበት አግዳሚ ዛሬ ለሰርግ ተሻገረ።

ጥላዬ ሽማግሌ ይዞ ወደ ሟች ባለቤት ወደ እትዬ ድንቅነሽ ሄደ። «እትዬ፣ ሰርጉን እናራዝመው» አላቸው። እሳቸው ግን ቆጣ አሉ።

«አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ሰርግ በእኔ ምክንያት ሊቀር? ምን ነካህ! ይደገስ፣ ይዘፈን። እኔ ቤቴ ሆኜ እሰማለሁ።»

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባል የለ? ሽማግሌዎቹ መርቀዋቸው ወጡ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ምሳ ተበላ፣ ሙሽሮቹ ተቀመጡ፣ ስፒከሮቹ በድንኳኑ ግራና ቀኝ ተደረደሩ። ጥላዬ ሳክስፎኑን አንስቶ አፉ ላይ ሊያደርግ ሲል ዓይኑ በአጥሩ ክፍተት ሾለከ። የጋሽ ሽፈራው ወንበር እዚያው አጥሩ ሥር ባዶውን ተቀምጧል። ሳክስፎኑን መልሶ አወረደው።

«ስፒከሩን ንቀሉት» አለ።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለ መካኒኩ።

ነጋዴው እየተጣደፈ መጣ። «ሴትዮዋ ፈቅደዋል አይደል እንዴ?»

«እሳቸው ፈቅደዋል። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። አፈሩ ሳይደርቅ በራሳቸው አጥር ላይ እንዴት እጮሃለሁ?»

«እንግዲያው አታሳፍረን፤ ዲጄ ልጥራ!»

ጥላዬ ወደ ልጁ ዞረ። ወይንሸት ፊቷ ላይ የወረደውን ዓይነ ርግብ ገለጥ አድርጋ «አባዬ፣ እንደመሰለህ ንፋልኝ» አለችው። ነጋዴው እያጉረመረመ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሳክስፎን እንደምታውቁት በቀስታ ተናገር ቢሉት የሚሰማ ዕቃ አይደለም። ጥላዬ ከኪሱ ጨርቅ አወጣ፤ የልጁን ቬሎ ሲሰፋ የተረፈ ገበር ነው። ጠቅልሎ ድምፅ በሚወጣበት በሳክስፎኑ ሰፊ አፍ ውስጥ ወተፈው። መካኒኩ ዱላዎቹን አስቀምጦ ድራሙን በጣቶቹ ይመታ ጀመር። ጊታሩና ኪቦርዱ እግር ሥር በተቀመጠች ትንሽ ማጉያ ብቻ ቀሩ። መንበረም ማይክራፎኑን አጠፋችው።

ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ማን ይስማቸው! ሰዉ ወሬውን ያወራል። ነጋዴው ፊቱን በእጁ ይዞ ተቀምጧል። ቆይቶ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ «እስቲ ዝም በሉ፣ እንስማበት!» አሉ። ያ አግዳሚ ዝም አለ። ቀጥሎ ከጎኑ ያለው፣ ከዚያም ወዲያ ያለው። መስማት የፈለገ ሁሉ ዝም ማለት ነበረበትና ዝምታው እስከ ድንኳኑ ጫፍ ደረሰ።

ጥላዬ አንዲት ሐረግ ነፍቶ ትንፋሹን ሊስብ ቆም ሲል አንድ ነገር ሰማ። ቤዝ ጊታሩ እሱ የነፋትን ሐረግ ከሥር ተቀብሎ ይመልስለታል፤ ልክ «አዎ፣ እሺ፣ ከዚያስ?» እንደሚል ሰው። ደግሞ ነፋ፤ ደግሞ መለሰለት። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ አለ።

«ይቺን ምት ደግሞ ከየት አመጣሃት?»

«ከየትም። ሁልጊዜ እመታታለሁ እኮ።»

«ሁልጊዜ?»

«ባንዱን ከጀመርን ጀምሮ።»

ጥላዬ ክው አለ። ይህ ሰው ለዓመታት ሲመልስለት ኖሯል፤ እሱ ግን አንዲት ቀን አልሰማውም። በሁለተኛው ዘፈን ጆሮውን ለሌሎቹም ሰጠ። ለካ መምህሩ መንበረ ትንፋሽ ስትስብ ጠብቆ ነው የሚገባው። ለካ የመካኒኩ እጅ እንዲህ ለስላሳ ነው! እነሱም እንደዚሁ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ይደነቁ ነበር።

ከዚያ የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ድምፃቸው ሳይጨምር ድንኳኑን ሞላው። ማን የት ጀምሮ ማን የት እንደጨረሰ የሚለይ ጠፋ። መጠጥ የሚያዞሩት አስተናጋጆች ጠርሙሳቸውን እንደያዙ ቆሙ። ማንም ሳያዝዘው ያ ሁሉ ሕዝብ አፉን ሳይከፍት አብሮ ያዜም ጀመር። ምድር ራሷ ከእግር በታች የምታንጎራጉር ትመስል ነበር። ነጋዴው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀርቷል። ወይ ግሩም! እዚያ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

በዚህ መሀል እትዬ ድንቅነሽ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አሉ፤ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል። ሕዝቡ ብድግ አለ። ሙዚቃው ተቋረጠ።

«እትዬ፣ ረበሽንዎት... ይቅርታ ያድርጉልን» አለ ጥላዬ፤ ሳክስፎኑን ዝቅ አድርጎ።

«ለምን አቆማችሁ?» አሉ እሳቸው። ወደ ባዶው ወንበር ዞር ብለው ቀጠሉ። «ሽፈራው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ሲገባ ‹ዛሬስ?› እለው ነበር። ‹ዛሬም አልታረቁም› ይለኛል። ‹ታዲያ ለምን ጆሮህን ታደክማለህ?› ስለው ‹አንቺ ደግሞ! እነዚህ ልጆች አንድ ቀን መታረቃቸው አይቀርም፤ ያን ቀን ቤት ተኝቼ እንዳያመልጠኝ› ይለኝ ነበር።»

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ይኸው ዛሬ ታረቃችሁ። እሱ አመለጠው። እኔ ግን ሰማሁለት።»

ጥላዬ እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ያፌዙብኛል ብሎ ለዓመታት የተናደደባቸው ሰው የሱን ደግ ቀን ሲጠብቁለት ኖረዋል። እትዬ ድንቅነሽ ጠጋ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«በል አሁን ያን ጨርቅ አውጣ። የእኔ ልጅ በሹክሹክታ አትዳርም!»

የጋሽ ሽፈራውን ወንበር በክፍተቱ አሳልፈው አመጡላቸው። እሳቸው አላጨበጨቡም፣ አልጨፈሩም፤ እጃቸውን አጣምረው አዳመጡ። ጨርቁ ወጣ፣ ስፒከሩ ተሰካ፣ ድንኳኑ ተናወጠ። ድምፁ ከሆቴሉ ቀን አያንስም ነበር፤ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ያስጨርሰው ነበር። ነጋዴውማ እስክስታ ሲወርድ የኮቱ ትከሻ ተተረተረ። በማግስቱ ማን እንደሰፋለት መቼም አይጠፋችሁም።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቀን እንደዚያ ሆነላቸው ብዬ አልዋሻችሁም። መብራት ጠፍቶባቸዋል፤ ከዘበኛው በቀር ሰው በሌለበት አዳራሽም ተጫውተዋል። ግን መድረክ ላይ በወጡ ቁጥር የመጀመሪያውን ዘፈን ያ ጨርቅ ሳክስፎኑ አፍ ውስጥ ተወትፎ ይጫወቱታል። እርስ በርስ መሰማማታቸውን ሳያረጋግጡ ጨርቁ አይወጣም። ዘበኛውም ቢሆን ወንበሩን ሳብ አድርጎ ጠጋ ይላል።

ወዳጆቼ፣ በቤትም በሥራም «የሚሰማኝ አጣሁ» እያልን ሁላችንም የየራሳችንን ድምፅ እንጨምራለን፤ እንዲህም ሆኖ ማንም ማንንም አይሰማም። የተሰማው ሰው የጮኸው አይደለም፤ ሌላውን ሊሰማ ድምፁን የቀነሰው ነው። ደግሞም ስህተታችንን የሚነግረን ሁሉ ጠላታችን አይደለም፤ ነቀፌታውን ትታችሁ ወንበሩን ተመልከቱ። እስቲ እናንተስ፣ ከአጥራችሁ ማዶ ተቀምጦ የምትታረቁበትን ቀን የሚጠብቅላችሁ ማን ነው? ሳያመልጠው ልታሰሙት ትችሉ ይሆን?