ከአንድ ኪስ የወጡ ምስክሮች

በቆላ ምንጭ ባጃጅ ተራ ሰው በተከራከረ ቁጥር የምትነሳ አንዲት አባባል አለች። እንዲሁ ከአፍ አልወደቀችም፤ የእናት ቁጣ ነው የወለዳት።

ያኔ የከተማው ሰው እንግዳን የሚያምነው በስልክ ነበር። መታወቂያ የሚሰጥ ቢሮ የለም፤ የሚያውቅህ ሰው ስሙንና ቁጥሩን አስፍሮ በስልኩ ይመሰክርልሃል፣ ሌላው በየስልኩ ያነበዋል፣ ምስክርህ ሲበዛ ስምህ ይደምቃል። እማዋይሽም ትንሿን ልጇን ትርንጎን ትምህርት ቤት እንዲያደርስላት አስቻለው የሚባለውን ባለባጃጅ የመረጠችው በዚሁ ነው። ዘጠኝ ሰው «ልጆቼን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል» ብሎ መስክሮለታል።

ይኸው ሰው አንድ ቀን በዝናብ መካከል የተሻለ የሚከፍል ተሳፋሪ አገኘና ትርንጎን መንገድ ላይ ካለ ድልድይ አፍ አውርዷት ሄደ። ጎርፉ ሊወስዳት ጥቂት ሲቀረው አንዲት ልብስ አጣቢ ደርሳ አንጠልጥላ አወጣቻት።

እማዋይሽ ልጇን እንደራሰች አዝላ ተራው ላይ ደረሰች። የተራው ሽማግሌ አቶ ደምመላሽ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ወደ አስቻለው ዞሩ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«ጋሼ፣ ደንቡ የብዙ ሰው ቃል ነው። ለእኔ ዘጠኝ ሰው መስክሯል። እሷ አንድ ናት።»

የእማዋይሽ ደም ፈላ። ነገ ጠዋት ይሄ ሰው የሌላ እናት ልጅ ጭኖ ሊሄድ ነው።

«ደግ፤ እንግዲያው ልጆቿን የጠበቅክላትን እናት ላናግራት» አለችና ስልኳን አውጥታ ከመጀመሪያዋ ምስክር ስም ሥር ወዳለው ቁጥር ደወለች።

ከአስቻለው ጃኬት ውስጥ ስልክ ጮኸ።

«እህቴ ናት፤ እኔ ጋ ረስታው ነው» አለ።

ሁለተኛውን ደወለች። ይሄኛው ከባጃጁ ወንበር ሥር ጮኸ።

«አጎትህም ረስቶት ነው?» አለ አንድ ሾፌር። ተራው በሳቅ ፈረሰ።

እማዋይሽ አልሳቀችም። «ምን ያስቃችኋል? እናንተስ አምናችሁት የለም? ለምስክሮቹ ማን መሰከረላቸው ያለ ሰው አለ? በርበሬ ስገዛ እንኳ እጄን እስከ ጆንያው ሥር ሰድጄ ነው የማየው። ልጄን ስሰጥ ግን ከላይ የታየኝን አመንኩ።»

 አስቻለው አንገቱን ደፍቶ አጉረመረመ። «ያም ሆነ ይህ ስልኩ የቆጠረው ዘጠኝ ነው።»

አቶ ደምመላሽ እጃቸውን ዘርግተው የባጃጁን ቁልፍ ተቀበሉት። «ስልኩ የፈለገውን ይቁጠር» አሉ፤ «በእኛ ዘንድ ግን ካንድ ኪስ የወጣ ምስክር፣ ሺህም ቢሆን እንደ አንድ ይቆጠር።»